ሁለት ከሦስት

ሰኔ 14፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር ከሁለት ወር በኋላ ዛሬ ገለጥኩት። ከዚህ በፊት የነበረው ገጽ ተቀዷል። የቀደድኩት እኔው ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ዛሬ ሹመት አገኘሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት አስጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ የሲግናል ጥበቃ ኃላፊ አንተ ነህ» አለኝ። ሩቅ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሰዎች ለኮምፒዩተሩ የውሸት ልኬት ልከውለት ማሽኑ ራሱን በራሱ አቃጥሏል አሉ። የበላዮቻችን ይህን ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል። የእኛም ግድብ በሮች ከስድስት ዓመት ወዲህ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ዓይን የለውም፤ የሚያውቀው ሴንሰሮቹ የነገሩትን ብቻ ነው። ውሃው ከፍ አለ ሲሉት በሮቹን ይከፍታል፣ ዝቅ አለ ሲሉት ይዘጋል። የዋሹት ቀን በቅን ልቦና ያጠፋናል።

«ማንም የውሸት ሲግናል እንዳያስገባብን» አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረገ። «ካንተ የተሻለ ሰው የለንም።»

አመሰገንኩና ወጣሁ። ቤት ስደርስ እማዬ መረቀችኝ። ባለቤቴ ግን ፊቴን አየችና «ሹመት ነው ወይስ መርዶ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ሰኔ 17፣ ዓርብ

ለሠራተኛው ሁሉ ሥልጠና ሰጠሁ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ሣልኩ። የውሃውን ከፍታ የሚናገሩ ሦስት ሴንሰሮች አሉን። አንደኛውና ሁለተኛው አዲሶች ናቸው፤ ግድግዳው ውስጥ ባሉ ሁለት ቱቦዎች ሥር ተቀምጠው የውሃውን ግፊት ይለካሉ። ሦስተኛው የድሮው ተንሳፋፊ ነው፤ ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ ሦስቱንም ያዳምጥና ሁለቱ ከተስማሙ የቀረውን አያምንም። ሁለት ከሦስት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው መጥቶ አንዱን ቢያታልል የቀሩት ሁለቱ ያጋልጡታል ብዬ አስረዳሁ። አጨበጨቡልኝ።

ጋሽ እርሳስ ብቻ እጃቸውን አወጡ። የተንሳፋፊው ጠባቂ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ቀርቷቸዋል። እርሳስ ከጆሯቸው ላይ ወርዶ ስለማያውቅ ስሙ ወጣላቸው። አዲስ ተቀጣሪ ሆኜ ስመጣ ግድቡ አናት ላይ አውጥተው ውሃ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ሁለቱ ተስማምተው ቢዋሹስ?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ፣ አፉ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የምንለው፣ «ጋሼ፣ ሴንሰር እኮ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አይዶልትም!» አላቸው። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሲወጡ ጋሼ ጠጋ ብለው «አንደኛውንና ሁለተኛውን ስክሪኑ ላይ አያቸዋለሁ፤ መንታ ናቸው። መንታ እንኳ እኩል አያስነጥስም» አሉኝ። አንድ ፋብሪካ ስለሠራቸው ነው አልኳቸው።

ሰኔ 23፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ደራሽ ውሃ መጣ። ቡናማ፣ ግንድ የተሸከመ። ሦስተኛው ሴንሰር ከሁለቱ ዘጠኝ ሴንቲ ከፍ አድርጎ ያነባል። ኮምፒዩተሩ አላመነውም። ሥራ በዝቷል።

ሰኔ 30፣ ሐሙስ

ልዩነቱ አሥራ አራት ሴንቲ ደረሰ። ምክንያቱን አውቃለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ደለል የአንደኛውን ቱቦ ይደፍነዋል፤ ውጭ ያለው ውሃ ሲጨምር ቱቦው ውስጥ ያለው አይከተለውም። ስለዚህ አንደኛው አሳንሶ ያነባል። ይታጠብልኝ ብዬ ጠየቅኩ።

«በዚህ ጎርፍ ማን ጠላቂ ይገባልሃል?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ደግሞስ ሁለተኛው ከአንደኛው ጋር ተስማምቶ የለም?»

«ተስማምቷል» አልኩ።

ስለ ሁለተኛው ነገ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

አልጻፍኩም። ዛሬም የምጽፈው ስለ ቤት ነው።

ቤታችን የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ አጥሩ ውስጥ። በወጥ ቤቱ መስኮት የግድቡ ግድግዳ ይታያል፤ ሰማይ ለማየት አንገት ማቃናት ያስፈልጋል። ከሥራ የወጣ ሰው በሠላሳ ቀን ቤቱን ይለቃል ይላል ውሉ። እማዬ በጉልበቷ ምክንያት ደረጃ አትወጣም፤ ይህ ቤት ደረጃ የለውም። ይህን ሁሉ ለምን እንደምዘረዝር አላውቅም። ማንም ከሥራ ትወጣለህ አላለኝም።

የባለቤቴ የስፌት ሱቅ ታች ሰፈር፣ ድልድዩ አጠገብ ነው። ዛሬ ጨርቅ እየቆረጠች «የማሽኑን የመመሪያ መጽሐፍ ወደ ሱቅ ወሰድኩት፤ ቀበቶው ይንሸራተትብኛል» አለችኝ።

የተቀደደውን ገጽ ያስቀመጥኩት እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ማንም የማያነበው መጽሐፍ ነው ብዬ ነበር። ቀድጄ መጣል ሲገባኝ ቀድጄ ደበቅሁ፤ የኔ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው፣ ወይ አልጥል ወይ አልይዝ። «መልሽው፤ እኔ አስተካክልልሻለሁ» አልኳት። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ልብስ ስፌት የሚገድህ?» ብላ ሳቀች።

ሐምሌ 8፣ ዓርብ

የጻፍኩት የጥበቃ ፕሮግራም ዛሬ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በቀይ ፊደል፦ «ሦስተኛ ሴንሰር፤ የተነካካ ሊሆን ይችላል።» ልዩነቱ ሃያ አንድ ሴንቲ ነው። ማስጠንቀቂያው እንደወጣ በራሱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በራሱ እንዲሄድ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳያፍነው ብዬ።

ሐምሌ 13፣ ረቡዕ

ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ ተላከች። ትሑት ሴት ናት፤ ለጋሽ እርሳስ ወንበር አቅርባ ነው የጠየቀቻቸው። እኔ እንደ ባለሙያ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሳጥኑን በቀን ስንት ጊዜ ይከፍቱታል?»

«ጠዋትና ማታ። ቅባት ካልቀባሁት ይይዛል።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

«ሌላ ሰው ጋስ?»

«ማን ይፈልገዋል ብለሽ ነው ልጄ?»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ወረድን። ጋሼ ውሃው በቀለም ከተጻፉት ቁጥሮች የትኛው ላይ እንደደረሰ አሳዩዋት፤ ከተንሳፋፊው ጋር ልክ ነው። በእርሳስ የጻፉትንም ደብተር አሳዩ፤ እሱም ልክ ነው።

«ቁጥሮቹን ማን ነው የቀባቸው?»

«እኔ ነኝ፣ በበጋ። ደብዝዘው ነበር።»

ወደኔ ዞረች። «ሴንሰሩ በእሳቸው እጅ፣ ቀለሙ በእሳቸው እጅ፣ ደብተሩም በእሳቸው እጅ። ሦስቱ አንድ ምስክር ናቸው። በዚያ በኩል ግን የማይተዋወቁ ሁለት ምስክሮች አሉ። ተሳስቻለሁ?»

«አልተሳሳቱም» አልኩ።

ጎበዝ ናት። ሁለቱ አይተዋወቁም ወይ ብላ አንዴ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር። እንደዚያ ይመስለኛል።

ሐምሌ 18፣ ሰኞ

ቤቱ ተኝቷል። ዛሬ ልጻፈው።

ሰሞኑን አንድ ስሌት ስሠራ ነበር። ከላይ ወንዙ በቀን ስንት ውሃ እንደሚያስገባ እናውቃለን፤ በበሮቹ ስንት እንደሚወጣ እናውቃለን። የገባው ከወጣው ከበለጠ ልዩነቱ ግድቡ ውስጥ ነው ያለው፤ የትም አይሄድም። ይህን ለማወቅ ሴንሰርም ምስክርም አያስፈልግም፣ መደመርና መቀነስ ይበቃል። ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱንም ጊዜ ጋሽ እርሳስ ልክ ናቸው። ውሃው ስክሪኑ ከሚለው ሠላሳ ሴንቲ ይበልጣል።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ሴንሰር ሞቷል። ከሚያዝያ ጀምሮ ሙት ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለተኛው ተብሎ የሚታየው የአንደኛው ግልባጭ ነው፤ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ፣ ተቆጣጣሪዎች በሚመጡበት ሳምንት፣ ለጥቂት ቀን ብዬ። ከዚያ እማዬ ታመመች፣ ከዚያ ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ ግንቦት ነበር፤ በግንቦት ደግሞ ሴንሰሮቹ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ለውጥ ከነስሙ ከነሰዓቱ እንዲመዘገብና እንዲቆለፍ ተደረገ። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁን ያን ግልባጭ ላውጣ ብል ስሜ ይመዘገባል፤ ሁለተኛው ሞቶ ይታያል፤ ከመቼ ጀምሮ ይባላል። በገዛ እጄ ቆልፌ ቁልፉን ውስጥ ረሳሁት።

የውሸት ሲግናል የሚያስገባውን ሰው ፈልግ ተብዬ ተሾምኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው። ሁለት ምስክር የተባሉት አንድ ምስክር ናቸው፤ እሱም ጉሮሮው በደለል ተደፍኗል። ብቸኛው ጤነኛ ሦስተኛው ነው፤ በኔ ሕግ ደግሞ ሁልጊዜ ተሸናፊው እሱ ነው።

ነገ እናገራለሁ።

ሐምሌ 19፣ ማክሰኞ

አልተናገርኩም። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ነበረው።

ሐምሌ 20፣ ረቡዕ

ስብሰባ አልነበረውም።

ሐምሌ 22፣ ዓርብ

ጋሽ እርሳስ ታገዱ። ጥፋተኛ ሆነው ከተገኙ ጡረታቸው ይቀራል፣ ክስም አለ። ሻይ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ከኋላዬ የሚያወሩትን ሰማሁ። «ሰው ሲያረጅ ይከፋል» አለ አንዱ። «ምን ክፋት ነው፣ አዲሶቹን ማሽኖች ሊያሳጣቸው ፈልጎ ነው፤ ቂም ነው» አለ ሌላው። ዞር አላልኩም። ሻይዬን ተቀብዬ ሳልጠጣው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ።

የግቢው በር ላይ ጋሼን አገኘኋቸው። ዘበኛው ቦርሳቸውን እየፈተሸ ነበር፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ደብተሮቻቸውን አንድ በአንድ አወጣና ነጠቃቸው።

«ልጄ፣ ቅባቱን አደራ» አሉኝ። «ደግሞ ስክሪኑን ብቻ እያየህ አትዋል። አንዳንዴ ብቅ በል፣ ውሃውን እየው።»

እሺ ጋሼ አልኳቸው። እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ቃል በሕይወቴ ስለ ራሴ ጽፌ አላውቅም።

ማታ እማዬ «እኒያ ሰው ምን አጠፉ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንዴት አታውቅም? አብረሃቸው ትውል የለም እንዴ?» አለች። ባለቤቴ ከሳህኑ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

ሐምሌ 28፣ ሐሙስ

ሦስተኛው ሴንሰር በትእዛዝ ከኮምፒዩተሩ ተቆረጠ። ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ ቀይ ፊደል የለም፣ ሁሉም ተስማምቷል። ሬዲዮ «ሰላም የሰፈነበት ቤት!» እያለ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቀለ።

ስሌቴ ግን አርባ ስድስት ሴንቲ ይላል። ቱቦው ይታጠብልኝ ብዬ ለሁለተኛ ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅኩ። «ክረምቱ ሲወጣ» የሚል መልስ መጣልኝ። በስውር ሄጄ በላይ በኩል ውሃ ልረጭበት ሞከርኩ፤ ክዳኑ ታሽጓል፤ በማኅተሙ ላይ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። ሳቄ መጣ። ጨለማው ቱቦ ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ።

ነሐሴ 2፣ ሰኞ

ዝናቡ አላባራም። ባለቤቴ ካፖርቷን እየለበሰች ድንገት «ሰኞ ሰኞ የምትረሳው ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምን ረሳሁ?»

«እኔ እንጃ። ጠየቅኩህ እንጂ።»

ምንም የለም አልኳት። በሩ ላይ ጥቂት ቆመች። የሆነ ነገር እንድናገር የምትጠብቅ መሰለኝ፤ ከዚያ ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ሊገባኝም አልፈለግኩም።

ነሐሴ 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ እርሳስ ናቸው።

«ከማዶ ኮረብታው ላይ ሆኜ ነው። ልጄ፣ ውሃው ቀዩን ቀለሜን ውጦታል። በሮቹ ምን ነካቸው?»

ስክሪኑን አየሁ። ቀዩ የአደጋ መስመር ላይ ለመድረስ ሰባ ሴንቲ ይቀራል ይላል። አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ። «ጋሼ፣ እዚህ ደህና ነው የሚለው» አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ድምፃቸው ተሰብሮ «እንግዲያ ዓይኔ ነዋ» አሉና ዘጉት።

ሮጬ ወጣሁ። ማዕበሉ የግድቡን መሄጃ እየላሰው ነበር። ጫማዬ ራሰ። ድፍን ክረምት ከመስኮት ውስጥ ሆኜ ሳየው የነበረው ውሃ እግሬ ሥር መጣ።

ተመልሼ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ።

«ስክሪኑ ምን ይላል?» አለኝ።

«ደህና ነው ይላል።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ስክሪኑ ይዋሻል።»

«ማን አስዋሸው?»

ሬዲዮ አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሏል። ባለቤቴ ታች ናት፣ ድልድዩ አጠገብ። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ስለ ጋሼ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ስልኩን ሳልዘጋ አስቀመጥኩት፣ ተቀመጥኩ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፣ ግልባጩን አወጣሁ።

ሁለተኛው ግራጫ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ብቻውን የቀረ አንድ ምስክር አያምንም፤ አላርሙ ጮኸ፣ በሮቹን ለሰው እጅ ለቀቀ። ሬዲዮና እኔ ስድስቱንም ከፈትናቸው። ከጠዋት ጀምረን ቀስ እያልን ብንለቀው ኖሮ የድልድዩን እግር አጥቦ ባለፈ ነበር። አሁን ግን ጊዜ ስላልነበረ በአንድ ላይ ወረደ። ሳይረኑን ነፋን። ወደ ባለቤቴ ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም።

ሰው አልሞተም። ሰው አልሞተም። የድልድዩ ሱቆች እስከ መስኮታቸው ሰጥመዋል።

ነሐሴ 6፣ ዓርብ

ባለቤቴ ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆና መጣች። ሳይረኑን ስትሰማ ሱቅ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ደንበኞች እየጎተተች ኮረብታው ላይ ወጥታለች። ማሽኗ፣ ጨርቁ፣ የሰው ልብስ፣ ሁሉም ጭቃ ውስጥ ነው። አቀፍኳት፤ እንደ እንጨት ቆማ ታቀፈች።

ስለ መመሪያው መጽሐፍ አልጠየቅኳትም። ከማሽኑ ጋር ሄዷል። ይህን በመጻፌ አፍራለሁ፤ ግን እፎይ አልኩ። ሚስቴ የለፋችበት ሱቅ ጠፍቶ እኔ ስለ አንድ ገጽ እፎይ አልኩ።

ነሐሴ 9፣ ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ ሪፖርቱን አነበበልኝ። ሁለተኛው ሴንሰር በዕለቱ በጎርፉ ተመታ፤ የጥበቃ ኃላፊው ነቅቶ አወጣው፤ ግድቡም ዳነ። አንደኛው ያሳነሰው በዕለቱ ባመጣው ደለል ነው። ከሳምንታት በፊት የነበረው ልዩነት ግን የተንሳፋፊው ጠባቂ ሆን ብሎ የፈጠረው ነው፤ ሲታገድ ቆሟል። የቆመው እኮ ሴንሰሩን ስለቆረጥነው ነው አልኩት።

«ዋናው ቆሟል» አለኝ።

«ሁለተኛው በጎርፍ አይደለም የሞተው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «መዝገቡ የሚጀምረው ከግንቦት ነው። ከግንቦት በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም።» ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። «እናትህ ጉልበታቸው እንዴት ነው?»

ደህና ናት አልኩት። የምስጋና ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ውስጥ፣ ከስሌቱ ወረቀት ጎን ከተትኩት።

ነሐሴ 12፣ ሐሙስ

ጋሽ እርሳስ ቤት ሄድኩ። ሰኞ መርማሪ ጉባኤው ፊት ይቀርባሉ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አዲስ መነጽር አድርገው በሩን ከፈቱልኝ።

«መነጽር ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ?»

«ሐኪም ጋ ሄጄ ነዋ። ሁለት አዲስ ማሽን አንድ ቃል ሲናገር፣ አንድ ሽማግሌ ሌላ ሲናገር፣ ማን ይታመናል? ዓይኔ ነው አልኩ። ሐኪሙ ምንም የለብህም አለኝ፤ እንደዚያም ሆኖ ገዛሁት።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሰው አታውራብኝ። ከመታገዴ በፊት የመጨረሻዎቹን አራት ቀናት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ያየሁትን አይደለም። ስክሪኑ ያለውን ነው የጻፍኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። ውሃው ይቅር ይበለኝ።»

ከደረታቸው እርሳሱን አወጡና እንደ ባዕድ ነገር አዩት። ጆሯቸው ላይ የለም፤ ኪስ ውስጥ ነው የሚይዙት አሁን።

የቀረበልኝን ውሃ ጠጣሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩና ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ሰው አይቶኝ ይሆናል።

ነሐሴ 15፣ እሑድ

ዛሬ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቴ መጣችና የታጠፈ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። ደረቅ ነው። ጠርዙ በተቀደደበት በኩል ወጣ ገባ ነው። በካውያ ተተኩሷል።

«መጽሐፉ ውስጥ ነበር» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«ቀበቶውን ሳስተካክል አገኘሁት። ሐምሌ ውስጥ ነው።»

«ጎርፉ ሲመጣ…»

«ማሽኑ ከበደኝ። ጨርቁን ልያዝ ብል ሁለት እጅ ነው ያለኝ። ይኼን ደረቴ ውስጥ ከተትኩና ሴትዮዎቹን ጎተትኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠየቅኩህ እኮ። ሰኞ ሰኞ ምን ትረሳለህ ብዬ ጠየቅኩህ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ አፍህን ይዤ ላስከፍትህ አልችልም። ያንተ አፍ ነው። ግን ነገ እኒያ ሽማግሌ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ይኼ ወረቀት ቤቴ ውስጥ ተደብቆ አይውልም።»

«ቤቱን እንለቃለን።»

«እንለቃለን።»

«እማዬስ? ደረጃው?»

እማዬ ከጓዳ ሆና «እኔን ምክንያት አታድርገኝ!» ብላ ጮኸች። ጆሮዋ አይሰማም ብለን ነበር የምናወራው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ልብስህን ያዝና ሂድ!»

አሁን መሽቷል። የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፣ ይህን ደብተር ነገ ጠዋት የምሰጠው ለእናንተ ነው። ከግንቦት በፊት የሆነውን የሚያሳይ ቀን ያለው ጽሑፍ ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የለም። ስለ ሚስቴና ስለ እናቴ የጻፍኩት እናንተን አይመለከትም፤ ግን አልቀደድኩትም፤ አንዴ ቀድጄ ምን እንዳመጣ አይቻለሁና። የስሌቱን ወረቀትም አብሬ አያይዣለሁ። ጋሽ እርሳስ የአራት ቀኑን ጽሑፍ ተሳስተው አይደለም የጻፉት፤ እኔ ዓይናቸውን ስለሰረቅኳቸው ነው። አደራ ያሉኝን ምሥጢር እዚህ በመጻፌ ነገ ከጉባኤው በፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። እርሳሳቸውን ወደ ጆሯቸው መልሱላቸው።

ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። የተቀደደውን ገጽ ባለቤቴ በክር ሰፍታ እዚህ መልሳዋለች፤ ወደ ቦታው ስለማይገባ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

*

ሚያዝያ 20፣ ሐሙስ

ጥሩ ቀን ዋልኩ። ተቆጣጣሪዎቹ ነገ ሊመጡ ሁለተኛው ሴንሰር ዛሬ ጠዋት ሞቶ ተገኘ፤ መለዋወጫም የለን። ሥራ አስኪያጁ «ሦስቱም ሲሠሩ ማየት አለባቸው፤ አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። የአንደኛውን ሲግናል ገልብጬ ለሁለተኛው ሰጠሁት። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ስክሪኑ አማረ። ጋሽ እርሳስ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩና «አሁንማ ከኔ በልጠሃል» ብለው ብርቱካን ሰጡኝ። ለእማዬ ወሰድኩላት፤ ጣፋጭ ነው አለች።

እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ሰኞ አውጣው፤ እንዳትረሳ።